ኦሪቱ አልተቀየረም፤ ታዲያ ምን ተቀየረ?

ይኼ የዛሬው ዝግጅታችን ጽሑፍ ነው። በጆሮ ከመስማት በዓይን ማንበብ ለሚቀላችሁ፣ ወይም ለእናትና ለአባታችሁ ጮክ ብላችሁ ማንበብ ለምትፈልጉ፣ እንደተለመደው እዚሁ አስቀምጠነዋል። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ዛሬ ያለሁት አሽቀሎን ነው፣ አፍሪዳር። የሰዓት ማማው አጠገብ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብያለሁ። ዓርብ ጠዋት ስለሆነ ሰው ለሻባት ይሯሯጣል። ከኋላዬ አውቶቡስ ከሰማችሁ ይቅርታ። ፊት ለፊቴ የእኛ ሽማግሌዎች ከዘራቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፣ እየሳቁ ያወራሉ። ስለ ምን እንደማወራ ቢያውቁ ምን ይሉኝ ይሆን እያልኩ ነው የጀመርኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቅርቡ ከአንድ አድማጫችን መልእክት ደረሰኝ። ስሙንም ሰፈሩንም አልናገርም። ከጻሃል ከተሰናበተ ገና ጥቂት ወሩ ነው። ቤተሰቡ ሻባት ጠባቂ ነው፤ አባቱ ጠዋት ጠዋት ምኵራብ ይሄዳል። እናቱ ሚስት ልትፈልግለት ተነስታለች፤ ዘር እየቆጠረች፣ እስከ ሰባት ቤት። እሱ ደግሞ የሚወደው ወንድ ነው። የጻፈልኝ ጥያቄ አጭር ነው፤ ሃይማኖታችን በዚህ ነገር ተቀይሮ ያውቃል ወይ? ወይስ መውጣት ያለብኝ እኔ ነኝ?

እኔ ራቢ አይደለሁም፣ ቄስም አይደለሁም። ሻባት እጠብቃለሁ፣ ታሪክ አነባለሁ፣ በቃ። ስለዚህ በማውቀው በታሪክ ልመልስለት። እናንተም አብራችሁ ስሙ፤ ምክንያቱም ይህ ልጅ የአንዳችሁ ወንድም ሊሆን ይችላል።

መጀመሪያ ቃሉ

በአማርኛ ይህን ነገር ለመናገር ስንነሳ ገና አፋችንን ስንከፍት ፍርድ ሰጥተናል። የምናውቀው ቃል "ግብረ ሰዶም" ነው። የሰዶም ሥራ ማለት ነው። እሳትና ዲን የወረደባት ከተማ ስም ያለበትን ቃል ይዞ ልጅ ለእናቱ ስለ ራሱ እንዴት ብሎ ይንገራት? ሌላው የምናውቀው ደግሞ ስድብ ነው፤ እዚህ አልደግመውም። ብዙዎቻችን የቀረውን በዕብራይስጥ እንጨርሳለን፤ ግን አያት ዕብራይስጡን አትሰማም። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ በስውር የሚኖሩት ራሳቸው ለራሳቸው የሰጡት ስም አላቸው፤ "ዜጋ" ይባባላሉ። አስቡት፤ ከቃላት ሁሉ የመረጡት ይህችን ነው። የአገር ሰው ነኝ የምትለዋን።

ስለ ሰዶም ካነሳን አንድ ነገር እናንሳ። ኦሪት ዘፍጥረት 19ን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ሎጥ እንግዶችን አሳደረ፣ የከተማው ሰዎች በሩን ከበቡት። ነገር ግን ነቢዩ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 16 ቁጥር 49 የሰዶምን ኃጢአት ሲዘረዝር የሚያስቀድመው ትዕቢትን፣ ጥጋብን፣ ድሃውን አለመርዳትን ነው። የእኛ ጠቢባንም በታልሙድ ስለ ሰዶም ያቆዩልን ወሬ በአብዛኛው ስለ ጭካኔ ነው፤ እንግዳ የማትቀበል፣ ለማኝ የሚራብባት ከተማ። ለእኛ ይህ ቅርብ ነው፤ አባታችን አብርሃም በድንኳኑ ደጅ እንግዳ ሲጠብቅ፣ ሰዶም ደግሞ በሯን ስትዘጋ።

ይህን የምለው ግን ክልከላውን ላጠፋ አይደለም። ክልከላው ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ኦሪት ዘሌዋውያን 18፡22 እና 20፡13 ላይ። ግልጽ ነው። ወላጆቻችን በግዕዝ ኦሪት ሰምተውታል፣ እኛም በየዓመቱ በምኵራብ እንሰማዋለን። ስለዚህ ጥያቄው "ኦሪቱ ይላል አይልም" አይደለም፤ ይላል። ጥያቄው፣ በኦሪቱ የሚያምኑ ሰዎች ከዚህ ቁጥር ጋር እየኖሩ፣ በመሃላቸው ያለውን ሰው የት አስቀመጡት ነው። የሚቀየረውም የማይቀየረውም እዚያ ላይ ነው።

ሕጉ ከየት መጣ

ብዙ ወጣት የማያውቀው ነገር ልንገራችሁ። ወላጆቻችን በሙሴ ዘመቻ፣ በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ፣ ከሱዳን በረሃ ወጥተው እዚህ ሲደርሱ በእስራኤል ሕግ ሁለት ወንዶች አብረው መተኛታቸው ወንጀል ነበር። አዎ፣ በእስራኤል። ሕጉ ከክኔሴት የወጣ አልነበረም፣ ከራባኑትም አልነበረም። እንግሊዞች ፍልስጤምን ሲገዙ በ1936 ያወጡት የወንጀል ሕግ ነው። እንግሊዝ ሄደ፣ ሕጉ ቀረ።

ግን አይሠራበትም ነበር። በ1953 የመንግሥት የሕግ አማካሪ የነበረው ኻይም ኮኸን፣ ሁለት አዋቂ ሰዎች ፈቅደው ያደረጉት ከሆነ ክስ አይመሥረት ብሎ መመሪያ ሰጠ። ይህ ሰው ማን ነው? በወጣትነቱ በኢየሩሳሌም በራቭ ኩክ የሺቫ የተማረ ሰው። ኋላ የራሱን መንገድ ሄዷል፤ ግን ገማራ ያነበበ ሰው ነው ያንን ፋይል የዘጋው።

ሕጉ ራሱ የተሰረዘው በመጋቢት 1988 ነው። ሹላሚት አሎኒና ሌሎች የክኔሴት አባላት ለዓመታት ታግለውበታል። ድምፁ የተሰጠው የሃይማኖት ፓርቲዎች ሰዎች በብዛት ባልተገኙበት ሰዓት ነበር። ይህንን አስተውሉ። በመጀመሪያው ዙር ሃይማኖተኛው አልተከራከረም፣ አልተስማማምም፤ በአዳራሹ አልነበረም። እንዲህ ዓይነት ዝምታ እኛ ቤትም አለ አይደል? ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አያነሳም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ቶሎ ቶሎ ሄደ። በ1992 በሥራ ቦታ ማግለል ተከለከለ። በ1993 የኬሚስትሪ ፕሮፌሰሩ ኡዚ ኤቨን ክኔሴት ውስጥ ቆሞ፣ ሠራዊቱ በዚህ ምክንያት ምን እንዳደረገው ተናገረ፤ በዚያው ዓመት ጻሃል ደንቡን ለወጠ። በ1994 ደግሞ ከፍተኛው ፍርድ ቤት፣ ኤል አል ለሠራተኞቹ ባልና ሚስት የሚሰጠውን ትኬት ለአንድ አስተናጋጅ የወንድ ጓደኛም እንዲሰጥ ፈረደ። አንድ ትኬት ናት። ግን ሕግ ብዙ ጊዜ የሚቀየረው በትንሽ ነገር ነው።

አንድ በር ግን እስከ ዛሬ አልተከፈተም፤ ጋብቻ። በዚህ አገር አይሁዳዊ የሚያገባው በራባኑት ብቻ ነው። በ2006 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ውጭ አገር ተጋብተው የመጡ ጥንዶች በሕዝብ መዝገብ ይመዝገቡ አለ፤ እዚህ ግን ማግባት አይቻልም። የራባኑት በር ሲዘጋ ምን እንደሚመስል ለእኛ ማንም ማስረዳት አያስፈልገውም። ወደዚያ እመለሳለሁ።

ጎዳናው

በ1998 ዳና ኢንተርናሽናል እስራኤልን ወክላ ዩሮቪዥንን አሸነፈች። ከየመን ቤተሰብ የተወለደች፣ ጾታዋን የቀየረች ዘፋኝ። ገና ስትመረጥ ከሻስ ፓርቲ ብርቱ ተቃውሞ ተነስቶባት ነበር። ያኔ ሃይማኖተኛው ዝም ማለት አልቻለም፤ ነገሩ ቴሌቪዥን ላይ ነው፣ ሳሎን ገብቷል። ከዚያ በ2002 ኢየሩሳሌም የመጀመሪያውን የኩራት ሰልፍ አየች። ቴል አቪቭ ሲሆን "የእነሱ ከተማ" ተብሎ ይታለፍ ነበር። ኢየሩሳሌም ስትሆን ግን ሌላ ሆነ።

በ2005 ይሻይ ሽሊሰል የሚባል ሃሬዲ በሰልፉ ላይ ሦስት ሰው በቢላ ወጋ። በየካቲት 2008 የሻሱ ሽሎሞ ቤኒዝሪ በክኔሴት፣ ለመሬት መንቀጥቀጡ ምክንያቱ እነዚህን ሰዎች የፈቀዱት ሕጎች ናቸው አለ። በነሐሴ 2009 ቴል አቪቭ ውስጥ ወጣቶች የሚሰበሰቡበት ቤት ላይ ተኩስ ተከፍቶ ሁለት ሰዎች ተገደሉ፣ ብዙዎች ቆሰሉ።

ከዚያ 2015 መጣ። ያንን ዓመት እኛ በሌላ ነገር ነው የምናስታውሰው። አንድ የእኛ ወታደር ዩኒፎርሙን እንደለበሰ በፖሊስ ተደብድቦ፣ በግንቦት መጀመሪያ ራቢን አደባባይ ሞልተን ወጣን፤ ውኃና ጭስ ወረደብን። ሐምሌ 30 ደግሞ ሽሊሰል ከእስር በወጣ በሳምንታት ውስጥ ኢየሩሳሌም ሰልፍ ላይ ተመልሶ ስድስት ሰው ወጋ። ሺራ ባንኪ፣ የ16 ዓመት ልጅ፣ ጓደኞቿን ልትደግፍ የወጣች፣ ከሦስት ቀን በኋላ ሞተች።

ብዙዎች የሃይማኖተኛው ዓለም እዚያ ላይ ተሰነጠቀ ይላሉ፣ እኔም እስማማለሁ። ቅዳሜ ምሽት፣ ሻባት ሲወጣ፣ ኢየሩሳሌም ጽዮን አደባባይ በተደረገው ስብሰባ ላይ የኪፓ ስሩጋ ራቢ የሆነው ቤኒ ላው ወጥቶ ተናገረ። ቢላው የተሳለው በቃል ነው፣ በየምኵራቡና በየሻባት ማዕዱ ስለ እነዚህ ሰዎች እንደ ቀልድ የምንጥለው ቃል ንጹሕ አይደለም የሚል መንፈስ ነበረው ንግግሩ። የራባኑት ወገን የሆነ ሰው፣ ራሱን ጨምሮ ነው የወቀሰው። ያ አዲስ ነበር።

ከውስጥ የመጡት

ግን ራቢ ላውን ከሰማይ የወረደ አናድርገው። ከእሱ በፊት ከውስጥ ያንኳኩ ነበሩ። "ባት ኮል" የሚባለው የሃይማኖተኛ ሴቶች ማኅበር በ2005 ተመሠረተ። "ሃቭሩታ" የሚባለው የወንዶቹ በ2007። በ2008 ደግሞ ራቢ ሮን ዮሴፍ "ሆድ" የሚባለውን አቋቋመ፤ በ2009 በቴሌቪዥን ፊቱን ሳይሸፍን ቀረበ። ኦርቶዶክስ ራቢ ነው፣ ናታንያ። የሚሉትን ልብ በሉ። ኦሪቱን ሰርዙ አላሉም። እንዲህ ነው ያሉት፤ እኛ ተፊሊን እናስራለን፣ ሻባት እንጠብቃለን፣ ይህንን አልመረጥነውም፤ የምትፈርዱት በማን ላይ እንደሆነ ዓይናችንን አይታችሁ ፍረዱ።

መጀመሪያ የተሰጣቸው መልስ ምን ነበር? "ትድናለህ"። ሕክምና ተብሎ ወጣቶች ይላኩ ነበር። በ2011 ደግሞ ሌላ መልስ ተሞከረ፤ የሺሎው ራቢ አረሌ ሀሬል እንዲህ ያሉ ወንዶችን እንዲህ ካሉ ሴቶች ጋር ማጋባት ጀመረ። ቤት እንዲቆም፣ ልጅ እንዲወለድ። ሁለቱም ቢያንስ እያወቁ ነው የሚገቡት። ይህን ስሰማ የእኛ ቤት ትዝ አለኝ፤ "አግባና ይተውሃል" የሚለው ምክር። ልዩነቱ፣ የእኛው ሲሆን አንዷ ልጅ ሳታውቅ ትገባለች። የሰው ልጅ ሕይወት ለሰው ገመና መሸፈኛ ይሆናል። ይህ ደግሞ በየትኛውም ኦሪት ጽድቅ አይደለም።

ወደ ሕክምናው ስንመለስ፤ በ2019 የትምህርት ሚኒስትሩ ራቢ ራፊ ፔሬጽ ሕክምናው ይሠራል የሚል ነገር በቴሌቪዥን ተናግሮ አገር ተናወጠ፤ ከቀናት በኋላ ቃሉን አለዘበ። በየካቲት 2022 የጤና ሚኒስቴር የጤና ባለሙያዎች እንዲህ ያለ ሕክምና እንዳይሰጡ ከለከለ። ብዙ ሃይማኖተኛ ሰውን ያዞረው ግን ሚኒስቴሩ አይመስለኝም። ያዞረው ፒኩዋኽ ኔፌሽ ነው፤ ነፍስ ማዳን። ሻባትን እንኳ የሚያሽረው ሕግ። ራቢው ጋ የሚመጣው ልጅ "ራሴን ላጠፋ አስቤያለሁ" ሲለው፣ ራቢው የሚያየው ቁጥሩን ብቻ መሆኑ ይቀራል።

በጥቅምት 2020 ራቢ ቤኒ ላው ለሃይማኖተኛ ማኅበረሰቦች መመሪያ አወጣ። ርዕሱን የወሰደው ከዘፍጥረት ነው፤ ሰው ብቻውን ይሆን ዘንድ መልካም አይደለም ከሚለው። ሐሳቡ ባጭሩ፦ የኦሪቱ ክልከላ በቦታው ነው፣ ኪዱሺን አይደረግም፤ ነገር ግን ልጁ ከቤት አይባረር፣ ከምኵራብ አይገለል፣ ሴት አግባ ተብሎ አይገፋ፣ ጥንዶቹ ልጅ ካላቸው ልጁ እንደ ማንኛውም ልጅ ደስ ይበለን። ብዙ ራቢዎች ተቆጡበት። ብዙ እናቶች ደግሞ አለቀሱ፤ ቤታቸው የተደበቀውን ነገር አንድ ራቢ ስም ሲሰጠው።

አሁን አንድ ነገር ልጨምር። የቤኒ ላው ወንድም፣ አሚኻይ ላው ላቪ፣ በኒው ዮርክ የሚኖር ራቢ ነው፤ ወንድ የሚወድ መሆኑም ለዓመታት በይፋ የታወቀ ነው። የአጎታቸው ልጅ ዴቪድ ላው ደግሞ የአገሩ ዋና ራቢ ነበር። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ! ያ ብቻ ነው ምክንያቱ አልልም፤ ሰውዬው ተምሮ፣ አስቦ ነው የጻፈው። ግን ታሪክ ሳነብ ደጋግሜ የማገኘው ይህንኑ ነው፤ ነገሩ "እነሱ" መሆኑ ቀርቶ "ወንድሜ" ሲሆን ሰው ኦሪቱን ሳይዘጋ በሩን ይከፍታል።

ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ሄደ እንዳይመስላችሁ። በ2016 የመካነ ሠራዊት ትምህርት ቤት ኃላፊው ራቢ ይጋል ሌቪንስታይን እነዚህን ሰዎች "ጠማማ" ብሎ ጠራ። በዚያው ዓመት የቤርሼባ ሰልፍ ፖሊስ መንገዱን ስለቀየረው ተሰረዘ፤ በዓመቱ ተካሄደ። በ2019 ራቢ ጽቪ ታውን የሚከተሉ ሰዎች "ኖአም" የሚባል ፓርቲ አቋቋሙ፤ ዋናው ጉዳዩ ይኸው ነው። በታኅሣሥ 2022 በተመሠረተው ጥምር መንግሥት የኖአሙ አቪ ማኦዝ ቦታ አገኘ። ያው ጥምረት፣ በያው ወር፣ አሚር ኦሃናን አፈ ጉባኤ አድርጎ መረጠ፤ ወንድ ከወንድ ጋር ቤት የመሠረተ፣ ልጆች የሚያሳድግ ሰው። ሁለቱ በአንድ መንግሥት። አገሩ ያኔ የነበረበት ቦታ ይኸው ነበር።

ከጥቅምት 7 በኋላ ደግሞ፣ እናንተ አሽቀሎን ያላችሁ ያንን ጠዋት አልነግራችሁም፣ አንድ የሠራዊት መኮንን በውጊያው ሞተ። ከወንድ እጮኛው ጋር ሠርጋቸው በዚያው ወር ነበር። ማን ነው የሟች ቤተሰብ? ሕጉ ምን ይላል? በኅዳር 2023 ክኔሴት የወደቁ ወታደሮች ቤተሰቦችን ሕግ አሻሽሎ እንዲህ ያለውን አጋር እንደ ባልና ሚስት ቆጠረው። ሃይማኖታዊ ፓርቲዎች መንግሥት ውስጥ እያሉ። በ1988 ከአዳራሹ ወጥተው ነበር ብያችሁ የለ?

የእኛ ደጃፍ

አሁን ወደ እኛ። በ1973 ራቭ ኦቫድያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል የዳን ነገድ ናቸው ብሎ ፈረደ። እንደዚያም ሆኖ ወላጆቻችን እዚህ ደርሰው ሊያገቡ ሲሉ ራባኑት ለጥንቃቄ ወደ ሚክቬ ግቡ አላቸው፤ እንደ አዲስ ገቢ። በ1985 መከር ላይ ሽማግሌዎቹና ቄሶቹ ኢየሩሳሌም ራባኑት ፊት ለፊት አንድ ወር ያህል ተቀመጡ። ነጭ ለብሰው፣ በዝናብና በፀሐይ። "ኦሪቱን ለውጡልን" አላሉም። "እኛ የኦሪቱ ልጆች ነን፣ አትጠራጠሩን" ነው ያሉት። በኋላ የናታንያው ራቢ ዴቪድ ሸሉሽ ያለ ጥምቀት እየመዘገበ አጋባቸው። ከዚህም ከዚያም ጥንዶች ወደ ናታንያ ሄዱ። አንድ ራቢ በሩን ከፈተ፣ ሌላው ቀስ ብሎ ተከተለ።

ሁለቱ አንድ ናቸው አልልም። የእኛ ጥያቄ ስለ ዘር ነው፣ ይህ ስለ ድርጊትና ስለ ክልከላ ነው። አንድ ቄስ ይህንን ሰምቶ "አታወዳድር" ቢለኝ እገባዋለሁ። የማወዳድረው ሕጉን ሳይሆን ደጃፉን ነው፤ ራባኑት ደጅ የተቀመጠ ሰው ልጅ፣ የራሱ ልጅ ደጅ ሲቀመጥ ምን ያደርጋል የሚለውን።

ሌላም አለ፤ ደም። በጥር 1996 የእኛ ሰዎች የሰጡት ደም በስውር እየተጣለ እንደነበር ጋዜጣ አወጣው። ጥር 28 ቀን በሺዎች ሆነን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ፊት ወጣን። ያ ቁስል እስከ ዛሬ አለ። ወንድ የሚወዱ ወንዶች ደግሞ ደም እንዳይሰጡ በአንድም በሌላም መልክ ተከልክለው እስከ 2021 ቆዩ፤ በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ ነው ከመጠይቁ የተነሳው። የአድማጫችንን ነገር አስቡት። ኢትዮጵያዊም ነው፣ ወንድም ይወዳል። ደሙ በሁለት በኩል ተጠርጥሯል።

ኢትዮጵያና ያቺ ሌላዋ አፍሪካ

ወላጆቻችን የሚያዩት የአማርኛ ቴሌቪዥን፣ እኛ የምናየው የአማርኛ ቲክቶክ ከኢትዮጵያ ነው የሚመጣው። ስለዚህ እዚያ ያለውን ማወቅ አለብን። በታኅሣሥ 2008 የኦርቶዶክስ፣ የካቶሊክ፣ የፕሮቴስታንትና የእስልምና መሪዎች አዲስ አበባ ተሰብስበው ይህ ነገር በሕገ መንግሥቱ ይከልከል ብለው አቋም ወሰዱ። በሌላ ጉዳይ በአንድ ጠረጴዛ የማይቀመጡ ሰዎች በዚህ ተስማሙ። በወንጀል ሕጉ ቀድሞም ተከልክሏል፤ አሁን ባለው በአንቀጽ 629 ነው። በ2014 በአዲስ አበባ ሊደረግ የታቀደ የተቃውሞ ሰልፍ ግን በመንግሥት ተሰረዘ። በነሐሴ 2023 የአዲስ አበባ ፖሊስ በሆቴሎችና በመጠጥ ቤቶች ላይ እርምጃ እየወሰደ መሆኑን አስታወቀ።

እዚያ ደጋግሞ የሚሰማው ክርክር "ይህ ከምዕራብ የመጣ ነው" የሚል ነው። የሃይማኖቱ ክልከላ በእርግጥ የቆየና የራሳቸው ነው። የወንጀል አንቀጹ መንገድ ግን ሌላ ነው፤ በ1957 የወጣውን የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ያረቀቀው ዣን ግራቨን የሚባል የስዊስ ሊቅ ነበር። እዚህም እንግሊዝ ነበር ብለናል። ፈረንጅ ያመጣው የትኛው እንደሆነ ሲመረመር፣ ቢያንስ የእስር ቤቱ ቁልፍ በፈረንጅ እጅ አልፏል።

አሁን የተቀመጥኩበትን ሰፈር ልብ በሉ። አፍሪዳር የሚለው ስም ውስጥ "አፍሪ" አለ አይደል? ሰፈሩን በ1950ዎቹ መጀመሪያ የሠሩት የደቡብ አፍሪካ አይሁድ ናቸው፤ ቆይቶ በ1955 ከሚግዳል ጋር ተዋሕዶ አሽቀሎን ሆነ። እነሱ ጥለዋት የመጡት አገር ያኔ አፓርታይድን እየገነባች ነበር። ያቺው አገር በ1996 ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት ሰው በሚወደው ጾታ ምክንያት እንዳይገለል ደነገገች፤ በዓለም የመጀመሪያዋ። በ2006 ጋብቻውንም ፈቀደች። ዴዝሞንድ ቱቱ፣ ሊቀ ጳጳሱ፣ በቀለሙ የተገፋ ሰው፣ እስኪሞት ድረስ ለእነዚህ ሰዎች ቆመ። በሌላ በኩል ዩጋንዳ በ2023 ሞት እስከመፍረድ የሚደርስ ሕግ አወጣች። አፍሪካ አንድ አይደለችም። "የአፍሪካ ባህል ይህንን አያውቅም" የሚል ሲገጥማችሁ፣ የትኛዋ አፍሪካ ብላችሁ በትሕትና ጠይቁት።

ለአድማጫችን

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ሃይማኖታችን ተቀይሮ ያውቃል ወይ ነበር። ያገኘሁትን ልንገርህ። ኦሪቱ አልተቀየረም፤ ተቀየረ ብሎ የሚነግርህን አትመን፣ ቤትህ ስትገባ አባትህ ኦሪቱን ከፍቶ ያሳይሃል። የተቀየረው በኦሪቱ የሚያምኑ ሰዎች ከክልከላው ጎን ሌሎቹን ትእዛዞችም ማንበባቸው ነው። ባልንጀራህን ውደድ የሚለው በዚያው በዘሌዋውያን ነው፣ ምዕራፍ 19፤ በሁለቱ ክልከላዎች መሃል። ይህ ለውጥ ሠላሳ አርባ ዓመት ወስዷል፣ አላለቀም፣ ወደ ኋላም ይመለሳል። የመጣውም ሃይማኖቱን ጥለው በወጡት ብቻ አይደለም። ሳይወጡ ደጃፉ ላይ በተቀመጡትም ነው።

መቼ ለእናትህ እንደምትነግራት አልነግርህም። ያንን የምታውቀው አንተ ነህ። የምትኖርበት ቤት፣ የምትበላው እንጀራ በእነሱ እጅ ከሆነ መጀመሪያ የምታርፍበትን አስብ። ካንተ ጋር የሚቆም አንድ ሰው ይኑርህ፤ እህትም ትሁን አክስትም። ሌሊቱ ከረዘመብህ ኤራን በ1201 ሰው አለ። አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ፤ እናትህ ያገኘችልህን ልጅ ሳትነግራት አታግባት። ለእሷም ነፍስ አላት።

ለቀራችሁት ደግሞ፤ ዛሬ ማታ ሻባት ነው። ዳቦው ይቆረሳል፣ ዶሮ ወጡ ይቀርባል፣ አንድ አጎት ስለ "እነዚህ ሰዎች" ቀልድ ይጀምራል። ማዕዱ ላይ ማን እንደተቀመጠ አታውቁም። አጎትን መስደብ አያስፈልግም፣ ትልቅ ሰው ነው። "ጋሼ፣ ተወው" ማለት ብቻ ይበቃል። ያቺን ቃል የሰማ ልጅ፣ ምንም ባይናገር፣ ማን ጋ እንደሚመጣ ያውቃል።

ሽማግሌዎቹ ተነሱ። አንደኛው እየሄደ "ልጄ፣ ለብቻህ ከማን ጋር ነው የምታወራው?" አለኝ። "ከልጆቻችሁ ጋር" አልኩት። "እግዚአብሔር ይባርክህ" ብሎ አለፈ።

ሻባት ሻሎም፤ በሌላ ዝግጅት እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ።